«ፑት ኦፍ» ልበል ወይስ «ፖስትፖን»? የፍሬዛል ቨርብ መምረጫ

አብዛኞቻችን እንግሊዝኛን ያገኘነው ክፍል ውስጥ ነው። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውም ፊዚክሱም በእንግሊዝኛ ይሰጣል። ስለዚህ «ቶለሬት»፣ «ኤክስቲንጉዊሽ»፣ «ኢንቨስቲጌት» የሚባሉትን ቃላት በጊዜ እናውቃቸዋለን። «ፑት አፕ ዊዝ»፣ «ፑት አውት» እና «ሉክ ኢንቱ» ግን ሥራ ቦታ ወይ ውጭ አገር እስክንደርስ ድረስ ጆሯችን አይገቡም። ትርጉማቸው እኮ ያው ነው፤ ችሎ መኖር፣ እሳት ማጥፋት፣ ጉዳይ ማጣራት።

ለዚህ ነው በፈተና ጎበዝ የነበረ ሰው ስልክ ላይ «ሃንግ ኦን» ሲባል ስልኩን የሚዘጋው። የተባለው «አንዴ ቆይ» ነው። ዝጋ የሚባለው «ሃንግ አፕ» ተብሎ ነው። ግሱ አንድ ነው፤ ከኋላው የተቀጠለችው ትንሽ ቃል ነገሩን ገለበጠችው።

እንዲህ ግስና ትንሽ ቃል ተጣምረው አዲስ ትርጉም ሲሰጡ ፍሬዛል ቨርብ ይባላሉ። መክበዳቸው ዛሬ የታወቀ አይደለም። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት መቅድም ላይ፣ ለውጭ አገር ሰው ትልቁ ችግር ይህ መሆኑን ጽፏል። ለእኛ ግን ነገሩ ጨርሶ ባዕድ አይደለም። «ቁጭ አለ»፣ «ብድግ አለ»፣ «ብቅ አለ»፣ «ቀስ አለ» እንላለን። «አለ» ብቻውን ሌላ ነው፤ ከፊቱ ያለችው ቃል ናት ሥራውን የምትሠራው። እንግሊዝኛው «ሲት ዳውን»፣ «ጌት አፕ»፣ «ሾው አፕ»፣ «ስሎው ዳውን» ይላል። የእኛ ትንሽ ቃል ከፊት ትመጣለች፣ የእነሱ ከኋላ። አማርኛ የሚማር ፈረንጅም «ብቅ አለ» ላይ እንደኛው ይቸገራል።

ከዚህ በታች የማስቀምጠው የሚሸመደድ ዝርዝር አይደለም። ሁለት ሦስት አማራጭ አፋችሁ ላይ ሲመጣ የትኛውን ብታነሡ እንደሚሻል ነው።

አጭሩ ወይስ ረጅሙ?

እንግሊዝኛ ለብዙ ነገር ሁለት ቃል አለው። ምክንያቱ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ቤተ መንግሥቱ ፈረንሳይኛ መናገር ጀመረ፤ ቤተ ክህነቱና ትምህርቱ ደግሞ በላቲን ነበር። ረጃጅሞቹ ቃላት በእነዚህ በኩል፣ ኋላም በምሁራን ብዕር እየገቡ ተከማቹ። ተራው ሕዝብ ግን አጫጭሮቹን አልተወም። ዛሬም «ፖስትፖን» ወረቀት ወረቀት ይላል። «ፑት ኦፍ» የቤት ነው።

ስለዚህ የተለመደው ምክር ለአፍ አጭሩን፣ ለወረቀት ረጅሙን የሚል ነው። መነሻው ልክ ነው። ጓደኛችሁን «አይ ዊል ኢንፎርም ዩ ዌን አይ ዲስከቨር ዘ አድሬስ» ብትሉት ይገባዋል፤ ግን ከመሥሪያ ቤት የወጣ ደብዳቤ ያነበባችሁለት ይመስለዋል። የሚባለው «አይል ሌት ዩ ኖው ዌን አይ ፋይንድ አውት» ነው።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ሕክምና ቤት ነው። አሜሪካ ውስጥ በነርስ ረዳትነት የሚሠሩ ወገኖቻችን በየቀኑ ያዩታል። ታማሚው «አይ ትሩ አፕ» ይላል፤ አስመለሰኝ ማለቱ ነው። መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ግን «ቮሚትድ» ነው። «አይ ፓስድ አውት» ይላል፤ ራሴን ሳትኩ። በጽሑፍ «ፌይንትድ» ወይም «ሎስት ኮንሸስነስ» ይሆናል። አንዲት አሮጊት መድኃኒቷን አልወስድም ብትል ለሥራ ባልደረባችሁ በፈለጋችሁት አነጋገር ንገሩ፤ ወረቀቱ ላይ ግን «ሪፊውዝድ» ወይም «ዲክላይንድ» ብላችሁ ጻፉ። እዚህ ሥራ ላይ ሁለቱንም ማወቅ ግዴታ ነው። አንዱ ለጆሮ፣ አንዱ ለእጅ።

ሐኪም ጋ ታማሚ ሆናችሁ ስትሄዱም እንደዚሁ ነው። «ሃቭ ዩ ቢን ትሮዊንግ አፕ?» ብሎ የሚጠይቃችሁ ሐኪም እንዲቀላችሁ ብሎ ነው ቃሉን የመረጠው። እናንተ «ቮሚት» ብላችሁ ብትመልሱ ምንም አይደለም። አለመረዳቱ ነው አደጋው። እኔ ሁልጊዜ የምለው ይህን ነው፤ ፍሬዛል ቨርብን መጀመሪያ ለመስማት ተማሩ። ለመናገር ከምታውቁት ረጅም ቃል ጋር ብትቆዩ ማንም አይቀየማችሁም፤ ቢበዛ ትንሽ ደረቅ ትሆናላችሁ። ሳይገባችሁ «የስ» ስትሉ ግን ነገር ይበላሻል።

አሁን ወደ ልዩ ሁኔታዎቹ። ከላይ ያለው ምክር እነዚህ ጋ ሲደርስ ይሰበራል።

ሞት ሲነሣ ፍሬዛል ቨርቡ ይበልጥ ጨዋ ነው። «ዳይ» ማለት «ሞተ» ነው፣ «ፓስ አዌይ» ደግሞ «አረፈ»። ለሐዘንተኛ «ፓስ አዌይ» ምረጡ። «ፓስ አውት» እና «ፓስ አዌይ» እንዳይምታቱባችሁ ግን አደራ። ራሱን የሳተን ሰው አርፏል ብሎ ለቤተሰብ መንገር ቀላል ነገር አይደለም።

የሥራ ኢሜይል ላይም «ፎሎው አፕ»፣ «ሴት አፕ» እና «ሉክ ኢንቱ» ያለ ምንም ስጋት ይገባሉ። ደንበኛ ሲያማርር «ዊ አር ሉኪንግ ኢንቱ ኢት» ብትሉት ተገቢ ነው። «ዊ አር ኢንቨስቲጌቲንግ» ስትሉ ፖሊስ የገባበት ይመስላል። «ካሪ አውት» እና «ፖይንት አውት» ደግሞ የጥናት ጽሑፍ ውስጥ ሳይቀር የተለመዱ ናቸው። የሥራ ግብዣ አልቀበልም ስትሉ ግን ለቀጣሪው «ዲክላይን» ብላችሁ ጻፉ፤ «አይ ተርንድ ኢት ዳውን» የሚለውን ማታ ለጓደኛችሁ አስቀሩት።

አይኤልትስ ለምትፈተኑም ያው ነው። ግራፍ ስትገልጹ «ዌንት አፕ» ከምትሉ «ኢንክሪስድ» ወይም «ሮዝ» ይሻላል። የንግግሩ ክፍል ላይ ደግሞ «ጌት አሎንግ ዊዝ» ወይም «ግሮው አፕ» በቦታቸው ሲገቡ ያምራሉ፤ ፈታኙም በአፍ የሚነገረውን እንግሊዝኛ እንደምታውቁ ያያል።

የቀጠሮ ጣጣ

እዚህ ላይ ረጋ እንበል፤ ስህተቱ ቀጠሮ ያሳልፋል።

ሐሙስ ስብሰባ አለ እንበል። አለቃ «ዘ ሚቲንግ ሃዝ ቢን ብሮት ፎርዋርድ ቱ ቱዝዴይ» አለ። ለአማርኛ ጆሮ «ፎርዋርድ» ወደፊት ነው። ወደፊት ደግሞ ገና የሚመጣ ጊዜ ነው። ስለዚህ ስብሰባው ለሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ የተላለፈ ይመስለናል። የተባለው ግን ተቃራኒው ነው። ወደዚህ ቀርቧል፤ ማክሰኞው የዚሁ ሳምንት ነው። እንዲህ ማለት የሚያዘወትሩት እንግሊዞች ናቸው። አሜሪካኖች ለዚያው ነገር «ሙቭ አፕ» ይላሉ።

«ፑሽ ባክ» ደግሞ «ባክ» ስላለበት ወደ ኋላ የተመለሰ ይመስላል። እሱ ነው እንግዲህ የሚያራዝመው። «ካን ዊ ፑሽ ኢት ባክ ኤ ዊክ?» ማለት «በአንድ ሳምንት እናራዝመው?» ነው። ቀጠሮው ፊት ለፊታችሁ ራቅ ብሎ እንደቆመ አስቡት። «ብሪንግ ፎርዋርድ» ወደ እናንተ ይስበዋል፤ «ፑሽ ባክ» ከእናንተ ያርቀዋል። እንዲህ ካሰባችሁት አይጠፋባችሁም። ከተጠራጠራችሁ ደግሞ ቀኑን ራሱን ጠይቁ፤ «ሶ፣ ዚስ ቱዝዴይ?» ብሎ ማረጋገጥ ነውር የለውም። እንግሊዝኛ አፍ የፈቱበትም ያደርጉታል።

«ኮል ኦፍ» እና «ፑት ኦፍ» ደግሞ ለየቅል ናቸው። «ኮል ኦፍ» መሰረዝ ነው፤ ሰርጉ ቀርቷል፣ ጨዋታው የለም። «ፑት ኦፍ» ማስተላለፍ ነው፤ ቀን ይቆረጥለታል። «ፑት ኦፍ» ሌላም ነገር አለው። ብዙ ጊዜ ዛሬ ነገ ማለትን ያሳያል። «አይ ኪፕ ፑቲንግ ኦፍ ጎይንግ ቱ ዘ ዴንቲስት» ያለ ሰው ጥርስ ሐኪሙን ፈርቶ እየሸሸ ነው። ስለዚህ ለደንበኛ ወይም ለቢሮ «አይ ፑት ኦፍ አወር አፖይንትመንት» አትበሉ፤ ቸል ያላችሁ ያስመስላል። «ሪስኬጁል» ምረጡ፣ አዲሱን ቀንም አብራችሁ ተናገሩ።

ሥራ ቦታ ከ«ኮል» ጋር የሚመጡ ሌሎችም አሉ። ታምሜያለሁ ብሎ መቅረት «ኮል ኢን ሲክ» ነው፤ አሜሪካ ውስጥ «ኮል አውት» የሚሉም ብዙ ናቸው። አለቃ «አይ ኒድ ቱ ኮል ሰምዋን ኢን» ሲል ግን ተረኛ የጎደለበት ነው፤ ሰው ሊጠራ ነው። «ኮል ባክ» መልሶ መደወል ነው። ይኸው በቃ።

«ተርን ኢት ኦፍ» ወይስ «ተርን ኦፍ ኢት»?

ስም ሲሆን በሁለቱም ይሄዳል። «ተርን ኦፍ ዘ ላይት» ትክክል ነው፣ «ተርን ዘ ላይት ኦፍ» ትክክል ነው። «ኢት»፣ «ሂም»፣ «ዜም» ሲመጣ ግን ምርጫ የለም። መሐል ይገባል። «ተርን ኢት ኦፍ»። «ፒክ ሚ አፕ»። «ድሮፕ ሄር ኦፍ»። ታክሲ ወይም ራይድ የሚሠራ ሰው እነዚህን ሁለት የኋለኞቹን በቀን ስንቴ እንደሚሰማቸው ያውቀዋል።

የማይከፈሉም አሉ። «ሉክ አፍተር ሂም» እንጂ «ሉክ ሂም አፍተር» አይባልም። «ሉክ ፎር»፣ «ራን ኢንቱ»፣ «ጌት ኦቨር»፣ «ካም አክሮስ» ሁሉ እንደዚሁ ናቸው። እንዴት ይለያል? ፍጹም የሆነ ሕግ የለውም፤ ግን የሚረዳ ነገር አለ። «አፕ»፣ «ዳውን»፣ «አውት»፣ «ኦፍ»፣ «አዌይ» እና «ባክ» ያለባቸው በአብዛኛው መሐላቸው ሰው ያስገባሉ። «አፍተር»፣ «ፎር»፣ «አት» እና «አክሮስ» ያለባቸው በአብዛኛው አያስገቡም። የተማሪ መዝገበ ቃላት ስትገልጡ ደግሞ አጻጻፉን ልብ በሉ። «ተርን ሰምሲንግ ኦፍ» ተብሎ ከተጻፈ ይከፈላል። «ሉክ አፍተር ሰምባዲ» ተብሎ ከተጻፈ አይከፈልም። ይቺን ምልክት ብዙ ሰው ሳያያት ያልፋል፤ መዝገበ ቃላቱ ውስጥ ካለው ሁሉ ለእኛ የምትጠቅመን እሷ ናት።

ሦስት ቃል ያላቸው በአብዛኛው አይነጣጠሉም። «ራን አውት ኦፍ»፣ «ፑት አፕ ዊዝ»፣ «ሉክ ፎርዋርድ ቱ»። የመጨረሻው ላይ አንድ ነገር አለ። ደብዳቤ ስንዘጋ «ሉኪንግ ፎርዋርድ ቱ ሂር» እንጽፋለን። «ሂሪንግ» ነው። «ቱ» ስናይ ግሱ ባዶውን መምጣት ያለበት እየመሰለን ነው የምንሳሳተው።

ታክሲ ውስጥ፣ አውቶቡስ ላይ

በአማርኛ ከሁሉም እንወርዳለን። ከአውቶቡስ ውረድ፣ ከመኪና ውረድ፣ ከባቡር ውረድ። እንግሊዝኛ ግን ይለያቸዋል። ቤት መኪናና ታክሲ ከሆነ «ጌት ኢን» እና «ጌት አውት» ነው። አውቶቡስ፣ ባቡር፣ አውሮፕላን ከሆነ «ጌት ኦን» እና «ጌት ኦፍ»። ቆማችሁ መራመድ የምትችሉበት ከሆነ «ኦን» በሉ፤ ጎንበስ ብላችሁ የምትገቡበት ከሆነ «ኢን»። ፈረስና ብስክሌትም «ኦን» ናቸው፤ እላያቸው ላይ ነው የሚወጣው። ለተሳፋሪ «ጌት ኦፍ ዘ ካር» ማለት ሰውየው ጣራው ላይ ያለ ያስመስላል።

ቅጽ፣ ቤንዚን፣ ተረኛ

«ፊል አውት» ቅጽ መሙላት ነው፤ እንግሊዞች «ፊል ኢን» ማለት ይቀናቸዋል። ሁለቱም ያስኬዳሉ። «ፊል አፕ» ለታንከር ነው፤ ቅጽ ላይ አይገባም። «ካን ዩ ፊል ኢን ፎር ሚ?» ካላችሁ ግን ቅጹንም ቤንዚኑንም እርሱት። ሰውየው ፈረቃውን እንድትሸፍኑለት እየለመነ ነው። ይህን ሳይረዳ ያለ እረፍት ሁለት ፈረቃ የሚሠራ ሰው አይጠፋም።

ግሱን ብቻውን ወይስ ከ«አፕ» ጋር?

«ድሪንክ» ጠጣ ነው። «ድሪንክ አፕ» ሲባል ጭልጥ አድርጎ ጠጣ ነው። «ፊል» ሞላ፤ «ፊል አፕ» ጢም አድርጎ ሞላ። «ክሊን» አጸዳ፤ «ክሊን አፕ» ጽድት አደረገ። «ቲር» ቀደደ፤ «ቲር አፕ» ብጭቅጭቅ አድርጎ ቀደደ። «አፕ» እዚህ ላይ ወደ ላይ ማለት አይደለም፤ ነገሩ ዳር መድረሱን ነው የሚናገረው። እኛ «ጭልጥ»፣ «ጢም»፣ «ጽድት»፣ «ጥርግ» ብለን ለየግሱ የየራሱን ቃል ስንሰጥ እነሱ አንዷን «አፕ» ለሁሉም ያዞሯታል። ስለዚህ ነገሩ ማለቁን ማሳየት ስትፈልጉ «አፕ» ጨምሩ። «ዊ ዩዝድ ዘ ሚልክ» ወተቱን ተጠቀምን ነው። «ዊ ዩዝድ አፕ ዘ ሚልክ» ጠብ የሚል የለም ነው። ሁሉም «አፕ» ግን እንዲህ አይደለም፤ «ጊቭ አፕ» ተስፋ መቁረጥ ነው፣ መስጠት የለበትም።

ማግኘት ሦስት ዓይነት ነው

«ፋይንድ»፣ «ፋይንድ አውት» እና «ፊገር አውት» ለአማርኛ ተናጋሪ ይደባለቃሉ። የጠፋ ቁልፍ ካገኛችሁ «ፋይንድ» ነው። የማታውቁትን ወሬ ወይም መረጃ ካገኛችሁ «ፋይንድ አውት» ነው፤ ሰው ነግሯችሁ ወይም ጠይቃችሁ ሊሆን ይችላል። አስባችሁ፣ ነካክታችሁ፣ ሞክራችሁ የደረሳችሁበት ከሆነ «ፊገር አውት» ነው። አውቶቡሱ ስንት ሰዓት እንደሚነሣ «ፋይንድ አውት» ታደርጋላችሁ። አዲሱ ማጠቢያ ማሽን እንዴት እንደሚሠራ «ፊገር አውት» ታደርጋላችሁ። «ዲስከቨር» የሚለውን ቃል ለእነዚህ አታባክኑት፤ አህጉር ላገኘ ሰው ይሁን።

ትንሿ ቃል የማትፈለግበት

ፍሬዛል ቨርብ መልመድ ስንጀምር ደግሞ በሌለበት እንጨምራለን። «ዲስከስ አባውት» አይባልም፤ «ዲስከስ» ይበቃዋል። «ሪተርን ባክ» ላይ «ባክ» ትርፍ ናት፤ መመለሱ «ሪተርን» ውስጥ አለ። አገር ቤት ከሁሉ የሚዘወተረው «ኮፕ አፕ ዊዝ» ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መምህሩም ተማሪውም ይለዋል፤ ሪፖርትም ላይ ይጻፋል። ትክክሉ «ኮፕ ዊዝ» ነው። «አፕ» የተጨመረችው ከ«ኪፕ አፕ ዊዝ» ተምታቶብን ይመስለኛል። «ኪፕ አፕ ዊዝ» እኩል መራመድ፣ ወደ ኋላ አለመቅረት ነው። «ኮፕ ዊዝ» ችግርን መቋቋም ነው። ሁለቱም ይጠቅማሉ፤ ግን ይለያያሉ።

እንግሊዝ ወይስ አሜሪካ?

አብዛኛው አንድ ነው። አንዱን ግን ሳልናገር አላልፍም። «ኖክ አፕ» በድሮው የእንግሊዞች አነጋገር በር አንኳኩቶ መቀስቀስ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ሴት ማስረገዝ ነው፤ ያውም በባለጌ አነጋገር። «ዌክ አፕ» እያለላችሁ ይህን አትንኩት። «ሁክ አፕ»ም እንደዚሁ ነው፤ ለኬብልና ለኢንተርኔት ስትሉት ሰላም ነው፣ ለሰው ስትሉት የአልጋ ወሬ ሊሆንባችሁ ይችላል። «ሻት አፕ» ደግሞ ፊልም ላይ ስለበዛ ቀላል ይመስላል። «አፍህን ዝጋ» ነው። ልጆችን ዝም ማሰኘት ከፈለጋችሁ «ቢ ኳየት» በሉ።

በምን ቅደም ተከተል ይጠና?

ገበያ ላይ ያሉት ዝርዝሮች ብዙዎቹ በግስ የተደረደሩ ናቸው። «ጌት» ብለው ይጀምሩና «ጌት አፕ»፣ «ጌት ኦቨር»፣ «ጌት ባይ»፣ «ጌት አዌይ ዊዝ» እያሉ ገጹን ይሞሉታል። እኔ ይህን አልመክርም። ተመሳሳዮቹን በአንድ ቀን ማጥናት እርስ በርስ እንዲምታቱ ማድረግ ነው፤ «ሃንግ ኦን» እና «ሃንግ አፕ» የሚጠፉብን ብዙ ጊዜ አብረን ስለያዝናቸው ነው። በትንሿ ቃል መደርደር ይሻላል፤ የ«አፕ»ን ባሕርይ ከላይ አይተናል። ለእኔ ግን የሚበልጠው በቦታ መደርደር ነው። ስልክ ላይ የሚባሉትን ለብቻ፣ ሐኪም ቤት የሚባሉትን ለብቻ፣ መኪና ውስጥ የሚባሉትን ለብቻ። መጋዘን የምትሠሩ ከሆነ «ፒክ አፕ»፣ «ሴት አሳይድ» እና «ራን አውት ኦፍ» ይቅደሙላችሁ። ልጅ የምትጠብቁ ከሆነ «ዌክ አፕ»፣ «ካልም ዳውን» እና «ፑት አዌይ»። ቃሉን ከሙሉ ዓረፍተ ነገሩ ጋር ያዙት፤ «ፑት አዌይ ዩር ቶይስ» ብላችሁ ከያዛችሁት «ፑት ዜም አዌይ» በራሱ ጊዜ ይከተላል።